በወንበር ጫፍ

ሰው ወንበር ሲገዛ የሚሞኘውን ያህል በሌላ ነገር አይሞኝም። ገበያተኛው ወደ አናጢው ቤት ይገባል፤ ዓይኑን የጣለበት ላይ ዘፍ ይላል፤ አንድ ሁለቴ ነጠር ነጠር ብሎ «እሰይ፣ ይኼማ ያስተኛል» ይላል፤ አስጭኖ ይሄዳል። ጫማ ሲገዛ እንኳ ወዲያ ወዲህ ተንጎራድዶ የሚሞክር ሰው፣ የዕድሜውን እኩሌታ የሚያሳልፍበትን ወንበር ለመምረጥ አንድ ሻይ የሚጠጣበትን ጊዜ ይነፍገዋል። ከቀትር በኋላ ወገቡን ሲይዘው እርጅና ነው ይላል፣ ብርድ ነው ይላል፤ ወንበሩን ግን አይጠረጥርም።

ሜትሮ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ያልጠየቁትን መመለስ ግን ሥራው አልነበረም። ሥራው ወንበር መሥራት ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ሰፈሩ ከረሳው ቆይቷል፤ ከአንገቱ የማትወርድ የልብስ ሰፊ ሜትር ስላለችው ሁሉም ሜትሮ ይለዋል። ሌሎቹ አናጢዎች ከኪሳቸው የብረት ሜትር ሲመዙ እሱ ያቺን የጨርቅ ሜትር ከአንገቱ ይስባል፤ ከልብስ ሰፊ ጠረጴዛ ሥር ስላደገ ከእሷ ሌላ አላመነም። «ዓይን ይዋሻል፣ አፍም ይዋሻል፣ ሜትር ግን አይዋሽም» ማለት ይወዳል። አባባሉን ያመጣው ራሱ ነው፤ በኋላ ያፈረበትም ራሱ ነው።

ያሳደገችው ልብስ ሰፊ ታላቅ እህቱ ናት። እናትና አባታቸው በአንድ ክረምት ተከታትለው ሲሞቱ እሱ ገና ድክ ድክ ይል ነበር፤ እሷ ደግሞ ለትዳር የደረሰች ልጃገረድ ነበረች። ትዳሩ ቀረ፣ የስፌት መኪናው መጣ። ዛሬም ድረስ እትዬ ነው የሚላት። ደንበኞቿም ከእሱ ሰምተው እትዬ ይሏታል፣ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ። ሱቋ ከእሱ የእንጨት ሥራ ቤት ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው።

ነገሩን ሁሉ የጀመረው የዚህች የእትዬ ወገብ ነው። በመጀመሪያ ከመኪናው ስትነሣ ብቻ ነበር የሚይዛት፤ ኋላ ተቀምጣም ይይዛት ጀመር። ሐኪሙ ደጋግሞ አይቷት ሁለት ነገር አላት፤ ወይ ቀኑን ሙሉ የሚያስቀምጥ ደኅና ወንበር፣ ወይ ደግሞ ከመኪናው መነሣት። እትዬ ሳቀች። ወንድሜ ወንበር ሠሪ ሆኖ እኔ በወንበር እጦት ሥራ ከፈታሁማ ጉድ ነው ብላ ሐኪሙንም አሳቀችው። ሜትሮም ሲሰማ እንደ ዋዛ ነው ያየው። በዚያው ቀን መንገዱን ተሻግሮ እትዬን አስቀመጣትና ከወለል እስከ ጉልበት፣ ከጉልበት እስከ ዳሌ፣ ከዳሌ እስከ ትከሻ ለካት። አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ የሚባለው ለእሱ ሕግ ነበር።

የመጀመሪያው ወንበር እጅ የሚውጥ ስፖንጅ የለበሰ፣ ሰፊና ጥልቅ ነበር። እትዬ ስትቀመጥበት «ተባረክ» አለች፤ በሳምንቱ ግን ከወገቧ ሌላ ዳሌዋም ይጠዘጥዛት ጀመር። ለሁለተኛው ስፖንጁን ቀንሶ መደገፊያውን በጀርባዋ ቅርጽ ጎበጥ አደረገው፤ የክንድ ማሳረፊያም ጨመረለት። ማሳረፊያው ጨርቅ በገፋች ቁጥር ክርኗን እየመታ ከሚያሳርፋት ይልቅ የሚያስመርራት ሆነ። በሦስተኛው ላይ ሜትሮ ዘመናዊ ልሁን ብሎ ጎማ ገጠመ። የእትዬ መኪና በእግር የሚረገጥ ነው፤ መርገጫውን በረገጠች ቁጥር ወንበሩ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ እሷም ልብሱን ይዛ መኪናውን ስታሳድድ ትውላለች። አንድ እጅጌ መኪናው አጠገብ ጀምራ በሩ አጠገብ ጨረሰች ተብሎ በሰፈሩ ተወራ። ውሸት ነው፣ ግን ወሬው ያምራል።

ከዚያ በኋላ ሳቁ አለቀ። አንድ ማለዳ እትዬ ራሷ መንገዱን ተሻግራ መጣች፤ ይህን አታደርግም ነበር። በሩን ይዛ ቆማ፣ በእጇ ያለውን ሥራ ስትጨርስ መኪናውን ለቀድሞ ተማሪዋ ልትሰጣት ቃል እንደገባች ነገረችው። ይህች ተማሪዋ ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ ሰፈሩ ዝምተኛዋ ይላታል፣ የራሷን ሱቅ ለመክፈት መኪና ስትፈልግ ነበር።

«ሌላ ወንበር አታምጣ» አለችው እትዬ። «ያንተ እጅ ምንም አልጎደለውም። የኔ ጀርባ ነው የበቃው።»

«ከመኪናው ተነሥተሽ ምን ልትሠሪ ነው?»

«እቀመጣለኋ» አለች፣ ፈገግ ብላም ነበር። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ሜትሮ መላጊያውን መልሶ ማንሣት አቃተው። እትዬን ያለ ስፌት መኪና አስቧት አያውቅም። እሷም ራሷን አስባ አታውቅም፤ ያቺ ፈገግታ የፈሪ ፈገግታ እንደነበረች ገብቶታል።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ሜትሮ የእንጨት ሥራ ቤቱን ዘግቶ ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ ሊያይ ወጣ። በወንበር እንጀራ ሲበላ የኖረ ሰው የሰውን አቀማመጥ ልብ ብሎ አይቶ እንደማያውቅ የገባው ያኔ ነው። እንጨቱን ያውቃል፤ በላዩ ላይ ከዋለው ሰው ጋር ግን አልተዋወቁም ነበር።

መጀመሪያ የሄደው ታክሲ ነጂው ጋ ነው። ነጂው በመቀመጫው ላይ የእንጨት ዶቃ የተሰካበት ምንጣፍ አንጥፏል። ሜትሮ በሆዱ ሳቀ፤ ለስላሳው ሞልቶ ዶቃ ላይ መቀመጥን ምን አመጣው? ነጂው ግን ልስላሴ የመጀመሪያው ሰዓት ወዳጅ ነው አለው፤ ከዚያ በኋላ ይዞ ያሰምጥሃል፣ በላብ ያጠምቅሃል፣ መዞር ይከለክልሃል። ከዚያ ወደ መጋዘኑ ዘበኛ አለፈ። ዘበኛው የሚቀመጥባት ዱካ አንድ እግሯ አጠር ያለ ስለሆነ ወዲህና ወዲያ ትላለች። ሜትሮ ሙያው አላስችል ብሎት ላስተካክልልህ ቢለው ሰውየው ተቆጣ። ዱካዋ የምትወዛወዘው ለእሱ ብላ ነው፤ ጸጥ ብላ ብትቆም እሱም ጸጥ ይላል፣ ጸጥ ያለ ወገብ ደግሞ ይደርቃል። ሜትሮ ራሱን እያከከ ሄደ። ወንበር ሁሉ እንዳይነቃነቅ ሲታገል ነው ዕድሜውን የፈጀው፤ ለካ የሚነቃነቀው ሰውየው መሆን ነበረበት።

ነገሩ ከወገብ አልፎ ራሱ ላይ ወጣ። ሻይ ቤት ሲገባ ሻዩን ትቶ ከጠረጴዛ በታች እግር ያያል፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ማን በየትኛው ጎኑ እንዳዘነበለ ይቆጥራል። ሰዓት ሠሪው ክርኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ግማሽ ክብደቱን በእጁ እንደሚሸከም አየ። እግራቸው ወለል የማይነካ ሰዎች ከጉልበታቸው በላይ ያለው ሥጋ በወንበሩ ጠርዝ ተጭኖ እንደሚደነዝዝ አወቀ። ሚስቱ ሰው እየታዘበን ነው ብትለው፣ እኔም የምታዘበው ሰውን ነው አላት።

የአውቶቡስ ትኬት ቆራጯ ጋ ሲደርስ ነው ዓይኑ የተገለጠው። ሴትዮዋ በመስኮቷ ውስጥ ጀርባዋን አጉብጣ፣ እግሯን በአሮጌ ሣጥን ላይ ሰቅላ፣ አገጯን በእጇ ይዛ ነበር። እንዲህ እንዳለች ልለካት ብሎ አስፈቅዶ ገባና ሜትሩን ከአንገቱ ሳበ። ሜትሩ ገና ትከሻዋን ሳይነካ ሴትዮዋ ፎቶ ሊያነሧት እንደመጡ ሁሉ ቀና አለች፣ እግሯን ከሣጥኑ አወረደች፣ ጉልበቷን ገጠመች። ሜትሮ «ኧረ እንደነበርሽ» ቢላትም አልሆነላትም። ሜትሩን መልሶ አንገቱ ላይ ሲያደርግ ቀስ ብላ ጎበጠች። ሲስበው ቀና አለች። እሱም ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፤ ከዚያ የእሱ ሳቅ መሀል ላይ ቆመ።

እትዬ ትዝ ብላው ነው። ሰውን ሁሉ «ቀና በሉ፣ ትከሻ ይለቀቅ፣ ወደ ፊት ይመልከቱ» እያለች ስትለካ የኖረች ሴት በሜትር ፊት እንዴት ሆና ትቀመጣለች? ከማንም በላይ ቀና ብላ ነዋ። ሦስቱንም ወንበር የሠራው ሜትሩ ላይዋ ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ለምትኖር፣ ቀጥ ላለች ወይዘሮ ነበር። ያቺ ወይዘሮ ደግሞ አንድ ቁልፍ እንኳ ሰፍታ አታውቅም። ሜትሮ ያንን አባባሉን ከዚያ ቀን በኋላ አልደገመውም።

በማግስቱ ሜትሯን ሚስማር ላይ ሰቅሎ ወደ እትዬ ሱቅ ተሻገረ። የጨርቅ ቁም ሣጥኑ በር አልዘጋ ብሏል፣ መኪናውን ከመስጠትሽ በፊት ማጠፊያውን ላብጅልሽ አላት። እሷም እሺ ብላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ሜትሮ አንዱን ብሎን ያጠብቃል፣ መልሶ ያላላል፣ ከበሩ ጀርባ ሆኖ ያያል። እትዬ አንዴ ቀና ብላ፣ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ማጠፊያ ያልጨረስከው ሙያህን ረስተህ ነው ወይ ስትለው ብሎኑ ነው እምቢ ያለኝ ብሎ ዋሸ።

ያየው ነገር እንዲህ ነው። የእሱን ሦስት ወንበሮች ትታ ወደ አሮጌ ወንበሯ የተመለሰችው እትዬ ወንበር ላይ አትቀመጥም፤ ወንበር ጫፍ ላይ ነው የምትቀመጠው። ከመቀመጫው ፊተኛውን የእጅ ስፋት ያህል ይዛ የቀረውን ባዶ ትተወዋለች። መደገፊያውን አንዴም አልነካችውም። የመቀመጫው ጨርቅ ራሱ ይመሰክራል፤ ፊቱ አልቆ ክሩ ወጥቷል፣ ኋላው ገና ከሱቅ የመጣ ይመስላል። ስለዚህ ጀርባዋ ቀኑን ሙሉ ራሱን በራሱ ተሸክሞ ይውላል ማለት ነው። ሜትሮ ከንፈሩን መጠጠ። በየወንበሩ ያን ሁሉ ሲለካው፣ ሲያጎብጠው፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልሰው የከረመው መደገፊያ ሥራ ፈት ነበር።

ሁለተኛው ያየው ነገር ግን ከዚህም የባሰ እንቆቅልሽ ሆነበት። አንድ ረጅም ስፌት ስትጨርስ፣ መርገጫውን ስታቆም፣ የእትዬ ግራ እጅ ወደ ኋላ ይሄድና ከጀርባዋ ያለውን ባዶ መቀመጫ መታ መታ አድርጎ ይመለሳል። ፊቷ አይዞርም፤ ዓይኗ ከጨርቁ አይነሣም። መቀስ ፈልጋ ነው ብሎ አሰበ፤ መቀሱ በቀኟ ነው። መርፌ ትፈልግ ይሆን ብሎ ሳታየው የመርፌ ትራሷን እዚያ ቦታ ላይ አስቀመጠላት። እጇ ሄደ፣ መታ አደረገ፣ ተወጋ። እትዬ ደሟን እየመጠጠች ይህን መርፌ እዚህ ያስቀመጠው ማነው ብላ ሱቁን አናወጠችው። ሜትሮ ወደ ማጠፊያው ተመለሰ። እንግዲያስ የምትፈልገው ዕቃ የለም ማለት ነው፤ ታዲያ እጇ ምን ይሠራል?

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና በመጨረሻ መፍቻውን አስቀምጦ ጠየቃት።

«እትዬ፣ ከኋላሽ ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

«የቱ ኋላዬ?»

እጇን በነገራት ጊዜ አላመነችውም። ሥራ ፈትተህ እኔን ትጠብቃለህ ወይ ብላ ተቆጣች፤ እንዲህ ያለ ልማድ እንደሌላት፣ ቢኖራት ከማንም በፊት እሷ እንደምታውቀው ነገረችው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለጆሮ ብቻ አይደለም። ሜትሮ አልተከራከራትም። ስፊው ብቻ አላት። ትንሽ ተኮሳትራ ወደ ልብሱ ጎንበስ አለች፤ አንድ ጠርዝ ሰፍታ ጨረሰች፤ ንዴቷም ከስፌቱ ጋር ረገበ። ሁለተኛውን ጠርዝ ስትጨርስ መርገጫው ቆመ።

«ይኸው» አለ ሜትሮ ቀስ ብሎ።

እትዬ ዞር ብላ አየች። ግራ እጇ ከኋላዋ ባዶው መቀመጫ ላይ መዳፉን ዘርግቶ አርፏል። የሌላ ሰው እጅ ይመስል ለረጅም ጊዜ አየችው።

«እንዳትወድቅ ነዋ» አለች።

«ማን?»

«አንተ ነሃ።»

ከዚያ በኋላ የነገረችውን በአንድ ትንፋሽ አልነገረችውም፤ ክር እየበጠሰች፣ ያለ ምክንያት ጨርቅ እያጠፈች ነው። እናታቸው ከሞተች በኋላ ልጁ ብቻውን አልጋ ላይ አልተኛም ብሎ አስቸገረ። ስፌቱ ደግሞ የሰው ነው፣ ማደር የለበትም። ከዘመድ የተሰጠቻቸው አንዲት ሰፊ ወንበር ነበረች፤ እሱን ከኋላዋ አስተኝታ እሷ ጫፉ ላይ ቁጭ ትላለች። ሲገላበጥ በጉልበቱ ወገቧን ይደቃታል፤ ሲረጋ ደግሞ ወደቀ ወይ ብላ በእጇ ትዳብሳለች። መኪናው ሲጮህ ይተኛል፣ ሲቆም ይነቃል፤ ስለዚህ አንዳንዴ የሚሰፋ ሳይኖርም ትረግጥ ነበር። ሜትሮ ከዚህ አንዱንም አያስታውስም። የሚያስታውሰው እንቅልፉ ጥሩ እንደነበር ብቻ ነው።

«አንተማ አደግህ፣ ወርደህ ሄድክ» አለች እትዬ። «ለኔ ግን ቦታው ተለቀቀ ብሎ የነገረኝ የለም።»

ነገሩ ለሜትሮ ገባው። ይህን ያህል ዘመን ወገቧን ያመማት ወንበር አልነበረም፤ እሱ ነበር። የእሱ አልጋ ነበር። ጎረምሳ ሆኖ፣ ሚስት አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ገና ከጀርባዋ ተኝቶ ነበር ማለት ነው። በመጨረሻ ያለው አንድ ተራ ነገር ነው፤ አሁን እንግዲህ ወደ ኋላ ጠጋ በያ አላት።

ጠጋ አለች። መደገፊያውን ነካችው፤ እየሳቀች ጥቂት ሰፋች። አንድ ኪስ ሳትጨርስ ግን ተንሸራታ ጫፉ ላይ ደርሳ ነበር። ደግማ ሞከረች፣ ደግማ ተንሸራተተች። ሰውነት ምክር አይሰማም። እትዬ ጊዜው አልፏል፣ ተወው፣ ዝምተኛዋም ነገ ስለ መኪናው ልትነጋገር ትመጣለች አለችው። ሜትሮ ግን ሰምቶ አልሰማም፤ ዓይኑ ያለቀው ጨርቅ ላይ ነበር።

የመቀመጫውን ጨርቅ ገፍፎ ይዞ ወጣ። ሥራ ቤቱ ገብቶ ያለቀውን ቦታ ብቻ በጠመኔ በጣውላ ላይ አነሣ። ሜትሯ ሚስማሩ ላይ እንደተሰቀለች አደረች። እትዬን ወደ መደገፊያው መመለስ ካልተቻለ መደገፊያው ወደ እትዬ ይምጣ፤ ነገሩ ይኸው ነው። መቀመጫውን አጭር፣ ጠንከር ያለ፣ ስስ ስፖንጅ የለበሰ አደረገው። ሁለቱም እግሯ መሬት ረግጦ መርገጫውን እንዲያገኝ ዝቅ አደረገው፤ ጭኗን እንዳይጫን የፊቱን ጠርዝ አድቦለቦለው፤ በሁለቱም ጎን መገላበጫ ቦታ ተወላት። መደገፊያው ከወገቧ በላይ አልወጣም፤ ክርኗን አይነካም፣ ስትጎነበስም አብሯት ትንሽ እንዲመጣ እንደ ሸምበቆ የሚተጣጠፍ ስስ እንጨት መረጠለት። ከኋላው ለማንም የሚሆን ቦታ አልቀረም።

በማግስቱ ተሸክሞት ሲገባ ዝምተኛዋ ቀድማው መጥታ የእንግዳ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። እትዬ ወንበሩን ዙሪያውን አየችውና የቀረውን ግማሽ የት አደረስከው አለች። እሱም አለቀ አላት። ተቀመጠች፤ እንደ ልማዷ ጫፉ ላይ። ጫፉ ላይ ግን መደገፊያው ቀድሟት ተቀምጦ ነበርና ወገቧን ሲነካት ደንገጥ ብላ ልትነሣ አለች፤ ከዚያ ተወችው።

መስፋት ጀመረች። ሜትሮም ዝምተኛዋም ያዩአታል። የመጀመሪያውን ጠርዝ ስትጨርስ ግራ እጇ ወደ ኋላ ሄደ፤ እንጨቱን አገኘ፤ ዳበሰው፤ ተመለሰ። ቀጥሎም ሄደ፣ እንጨቱን ነካ አድርጎ ተመለሰ። ጥላው ከበሩ ደፍ ሲሸሽ፣ አንድ ቀሚስ ከነገበሩ አልቆ ሁለተኛው ሲጀመር፣ ግራ እጇ ወደ ኋላ መሄዱን ትቶ ጨርቁ ላይ ነበር። ትከሻዋ ወርዷል፤ አንዴ በግራዋ፣ አንዴ በቀኟ እያለች ትወዛወዛለች፤ ፊቷ ላይ ያ የሕመም ሽብሽብ የለም። ሜትሮ ዓይኑን ጠረገ፤ ማንም አላየውም።

ዝምተኛዋ ልጆቿ ትዝ አሏትና ተነሣች። ነጠላዋን እያስተካከለች፣ መቼም ቃል ቃል ነውና ለመጠየቅ እያፈረች፣

«እትዬ፣ መኪናውን መቼ ልምጣና ልውሰደው?» አለች።

እትዬ መርገጫውን አላቆመችም። ጀርባዋን ወደ መደገፊያው ለቀቅ አደረገችና፣

«ይቅር በይኝ ልጄ» አለች፣ «እኔ ገና ዛሬ መቀመጤ ነው።»